ሰባትም ልክ ነው፣ ስምንትም ልክ ነው

ለአዘጋጁ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ስለ ሒሳብ ነው፤ በተለይ በታችኞቹ ክፍሎች «ባዶ ቦታውን ሙሉ» እየተባለ ስለሚሰጠው የቁጥር ፓተርን። ተራ ነገር ይመስላል፣ እኔ ግን አልዋጥልህ ብሎኛል።

ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። ቴስት ላይ «1፣ 2፣ 4፣ ___፣ ___» የሚል ጥያቄ ወጣ። 7 እና 11 ብላ ሞላች። ሁለቱም ላይ ቀይ ኤክስ! መልሱ 8 እና 16 ነው ተባለ። ማታ ወረቀቱን ሳይ «እንዴት 7 አልሽ?» አልኳት። «መጀመሪያ 1 ተጨመረ፣ ቀጥሎ 2 ተጨመረ፣ አሁን 3 ነዋ የሚጨመረው፣ ከዚያ 4» አለችኝ፣ ይሄም ይጠየቃል ወይ በሚል አነጋገር። ምን ልበላት? ልክ ናት። እጥፍ እጥፍ እያደረገ 8 እና 16 የጻፈው ልጅም ልክ ነው። ሕጉ ካልተነገረ ሦስት ቁጥር ብቻ አይቶ አንዱን መንገድ ትክክል፣ ሌላውን ስህተት ማለት አይቻልም።

መምህሩን ብዙም አልወቅስም። ክፍሉ ጢም ብሎ የሞላ ነው፣ የሚታረመው ወረቀት ክምር ነው፣ መልሱ ላይ የተጻፈው ደግሞ 8 ነው። ሄጄ ስጠይቅም «መልሱ እንደዚያ አይልም» ነው የተባልኩት። ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ልጅቷ አሁን እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ስታይ ቁጥሮቹን ትታ ቲቸር የሚፈልጉት የቱን ይሆን እያለች ትገምታለች።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ከባዶ ቦታው ሥር አንድ መስመር ትቶ «እንዴት አወቃችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ማረሙ ይበዛል ከተባለ ከቴስቱ ለአንድ ጥያቄ ብቻ ይደረግ። እሱም ካልሆነ «እያንዳንዱ ቁጥር ከሱ በፊት ያለው እጥፍ ነው» ብሎ ሕጉን አስቀድሞ መስጠት፣ ያኔ 7 ያለውን ልጅ ኤክስ ማድረግ ይቻላል፣ እኔም አልከራከርም።

ሌላው ሽምደዳው ነው። 5፣ 10፣ 15፣ 20 እያለ በዜማ ትንፋሽ ሳይወስድ መቶ የሚደርስ ልጅ አለ። ያንኑ ልጅ ከ3 ተነስተህ በ5 በ5 ቁጠር በሉት። 3፣ 8... ይቆማል። ጣቱን ይቆጥራል። ታግሳችሁ 3፣ 8፣ 13፣ 18፣ 23፣ 28 ካስጻፋችሁት ግን መጨረሻ ላይ 3 እና 8 እንደሚፈራረቁ ራሱ ይደርስበታል፣ ከዚያ ማን ያስቆመዋል!

መርጃ መሣሪያ የለንም ለሚሉ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ካላንደር አለ። ወራችን 30 ቀን ነው፤ አራት ሳምንት ከሁለት ቀን። ስለዚህ የወሩ መጀመሪያ የሚውልበት ዕለት በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን ይገፋል። በ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ፤ ጥቅምት 1 ቅዳሜ፣ ኅዳር 1 ሰኞ፣ ታኅሣሥ 1 ረቡዕ፣ እንዲህ እያለ ሚያዝያ 1 ላይ ተመልሶ ሐሙስ ይሆናል። (የፈረንጆቹ ወር አንዴ 28 አንዴ 31 ስለሚል ለዚህ ጨዋታ አይመችም።) ሰኞ ገበያ የሚባል ሰፈር ባለበት በእኛ በደሴ ደግሞ ሰኞ ሰኞን መከተል ነው፦ መስከረም 5፣ 12፣ 19፣ 26። ቀጥሎስ? 33 የሚል ልጅ አይጠፋም። አትሳቁበት፣ ግማሹን መንገድ ሄዷል። 30 ሲቀነስ ጥቅምት 3 ነው። ከዚያ 10፣ 17፣ 24፣ ከዚያም ኅዳር 1።

ወሎ ውስጥ ደግሞ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ረመዳን ለምን በየዓመቱ ቀደም ቀደም እያለ ይገባል ብለው ይጠያየቃሉ። የጨረቃው ዓመት 354 ቀን ገደማ ስለሆነ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ይቀድማል። እየቀነሰ የሚሄድ ቁጥር ለማስተማር ይህን ይዞ መነሳት እየተቻለ 100፣ 90፣ 80 ብቻ ለምን?

ቆርኪም አለ። ከየሱቁ በር ላይ ይለቀማል። አንድ ቆርኪ መሬት ላይ አስቀምጡ። በቀኙና በግርጌው ዞሮ አራት ማዕዘን እንዲሆን ስንት ይፈልጋል? 3። በድምሩ 4 ሆነ። እንደገና በቀኝና በግርጌ ዙሩት፤ 5 ይፈልጋል፣ 9 ሆነ። ቀጥሎ 7፣ 16 ሆነ። የኔዋ እዚህ ላይ ስትደርስ ቆርኪ አለቀባት፤ የሚቀጥለው 9 እንደሚፈልግና 25 እንደሚሞላ ግን ሳታስቀምጥ ነገረችኝ። አሥረኛውስ ስንል ነው ነገሩ የሚጥመው፣ ምክንያቱም ያን ሁሉ ቆርኪ የሚደረድር የለም፣ በጭንቅላት ሕግ መፈለግ ግድ ነው። «ይሄ ጨዋታ ነው፣ ፈተና ላይ አይመጣም» የሚሉኝ ወላጆች አሉ። ይመጣል እንጂ፣ ከፍ ሲሉ አልጀብራ ተብሎ ይመጣል። ያኔ ማስጠኛ ከመክፈል አሁን ቆርኪ መልቀም አይሻልም?

ጋዜጣችሁ ላይ ለልጆች ጥቂት ቦታ ብትሰጡ ደስ ይለኛል። የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔው ልላክ፦ መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ከዋለ፣ መስከረም 1 ቀን 2020 ምን ቀን ይውላል? ጳጉሜን በየ4 ዓመቱ 6 ቀን እንደምትሆን፣ በ2015ም 6 እንደነበረች ንገሯቸው። መልሱን ብቻ የላከ ልጅ ካለ እንዴት እንደደረሰበት መልሳችሁ ጠይቁልኝ።

አንድ ወላጅ
ከሆጤ፣ ደሴ