ለእማሆይና ለሁላችሁም

ቅዳሜ የግጥም መጽሐፌ ከተመረቀ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። መልስ ያልሰጠኋችሁ አትቀየሙኝ። አዳራሹ ውስጥም እንባ ቀደመኝና «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ብዬ ወረድሁ። ስለዚህ ዛሬ በጽሑፍ።

ያለፉትን ሁለት ዓመታት ስለምታውቁት አልደግመውም። እናቴ ካረፈች ወዲህ አንድ ስንኝ እንኳ እንቢ ብሎኝ ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ጎረቤቴን፣ እማሆይን። እማሆይ ፊደል አልቆጠሩም። ከቅዳሴ መልስ ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው ጥጥ ይፈትላሉ። እኔ ከሥራ ስገባ «ና ልጄ፣ ቡና ደርሷል» ይሉኛል። አንድ ቀን መጻፍ እንዳቃተኝ ነገርኋቸው። እንዝርቱን ሳያቆሙ፣ «ፈትል ሲበጠስብኝ ምን አረጋለሁ? ጫፉን አርሼ እቀጥለዋለሁ። እንባ አለህ አይደል?» አሉኝ።

ወሩ ጥቅምት ነበር፣ የአበባው ወቅት፣ ጽጌ። በዚያው ሰንበት ሌሊት ቀስቅሰው ማኅሌት ወሰዱኝ። እውነቱን ልናገር፣ እግዜርን አኩርፌው ቤተ ክርስቲያን ከሳምሁ ከርሜ ነበር። ካህናቱ በመቋሚያና በጸናጽል ሲያሸበሽቡ እማሆይ ግእዙን ባይሰሙትም «አበባዋ እሷ፣ ፍሬው እሱ» እያሉ ስለ እመቤታችንና ስለ ልጇ በጆሮዬ ሹክ ይሉኛል። ሲነጋ በመንገዳችን ያለው የኑግ ማሳ ቢጫ ለብሷል። ስንት ዓመት ያለፍሁበት ማሳ ነው! ቆሜ የመብራት ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፍሁ፦

እናቴ ብትሄድ ፈትሏን ጅምር ትታ፣
ጫፉን ያዘችልኝ ሌላ እናት መጥታ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መጽሐፉ ላይ ታገኙታላችሁ።

እማሆይ፣ ለሽሮው፣ ለቡናው፣ ለቁጣውም። በተለይ ለቁጣው።

የኔታንም ላመስግን። ረቂቁን አንብቤላቸው ሳበቃ፣ «ሰሙን አየሁት፤ ወርቁ የታለ?» ብለው ግማሹን አስጣሉኝ። ያን ለት ተናድጄ ነበር። ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዲማን የመሰሉ የቅኔ ቤቶችን በያዘ አገር ግጥም ጻፍሁ ብሎ መኩራት ራሱ ድፍረት ነው። አጭሩ ቅኔ፣ ጉባኤ ቃና፣ በሁለት ቤት የሚጨርሰውን እኔ በሁለት ገጽ ስዞረው ነበር።

ቅዳሜ አንዲት ተማሪ «ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው?» ስትለኝ በደንብ አልመለስሁላትም። እህቴ፣ አላመጣሁትም። ገጽ 12 የበርበሬ ነጋዴዋ እርግማን ነው። ገጽ 31 ጠዋት ጠዋት ደጄ ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚሉት የቆሎ ተማሪዎች ናቸው። እኔ የሰማሁትን ነው የጻፍሁ።

የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ፣ የሰፈራችን ዕድር፣ ከሞጣ፣ ከቢቸናና ከፍኖተ ሰላም ድረስ የመጣችሁ፣ ወንበር ያመላለሳችሁ ወጣቶች፣ ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ። ከጠራሁ አንዱን እዘላለሁ ብዬ ፈርቼ ነው፤ ይቅር በሉኝ። (ሁለት ገጽ ተገልብጦ የደረሳችሁም መልሱልኝ፣ እቀይራለሁ።)

እማሆይ መጽሐፉን ስሰጣቸው ሳሙትና «በል አንብብልኝ» አሉኝ። ትናንት ማታ ገጽ 40 ደርሰናል። ዛሬም ከሠርክ ጸሎት መልስ ቡናው ተጥዶ ይጠብቀኛል።