የድጋፍ ጥሪ፦ ወርሃዊ ክፍያው ከእኛ፣ ቱቦው ከእናንተ

በምሥራቅ ጎጃም ማቻከል ወረዳ ለ120 አባወራ የሚበቃ ምንጭ ልናጎለብት ተነስተናል። ሚያዝያ ላይ፣ ውኃ በሚሳሳበት ወር፣ 20 ሊትር ጀሪካን በ40 ሰከንድ ይሞላል፤ በቀን 43,200 ሊትር ማለት ነው። ለገጠር የተቀመጠው በሰው በቀን 25 ሊትር ተሟልቶ ይተርፋል። ግን ውኃው ሌሊቱን ማጠራቀሚያ አጥቶ ወንዝ ይገባል፣ ጠዋት ሁሉም እኩል ጀሪካኑን ይዞ ይሰለፋል።

ቤት ለቤት ስንዞር «ትከፍላላችሁ ወይ?» አላልንም፤ እንዲህ ላለ ጥያቄ የሚመልሰው ይሉኝታ ነው። ቦኖው የት እንደሚቆም፣ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ነግረን ዋጋ ከፍ ዝቅ እያደረግን ጠራን። አባወራውን ብቻ ሳይሆን ውኃ የምትቀዳዋንም ጠየቅን፤ መልሳቸው አንድ አይደለም። በወር 30 ብር ላይ አብዛኛው ተስማማ። ከዚያ በላይ ስንል «ገንዘቡ ማን እጅ ይሆናል?» መጣ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ስለዚህ ሒሳቡ በየወሩ በዕድር ፊት ይነበባል። በጀሪካን ማስከፈሉን የተውነው ክረምት ላይ ሰው ወደ ነፃው ውኃ ስለሚዞርና ጠባቂው ያለ ደመወዝ ስለሚቀር ነው።

ሙሉ ቢሰበሰብ 3,600 ብር ነው፦ 2,400 ለጠባቂ፣ ቀሪው ለሩቢኔትና ለጎማ። ጥገና ይችላል፤ ቱቦ አይገዛም።

የጎደለን 50 ሚሊ ሜትር ጥቁር ቱቦ 6 ጥቅል (ባለ 100 ሜትር)፣ 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ 2፣ ሲሚንቶ 40 ከረጢት፣ ሩቢኔት 12 (6ቱ መጠባበቂያ) ነው። ቱቦው ፒኤን 10 ይሁን (ፒኤን ቱቦው የሚችለውን ግፊት የሚያሳይ ደረጃ ነው)። ሮቶው ሞልቶ ተንሳፋፊው መዝጊያ ውኃውን ሲዘጋ የ70 ሜትር ቁልቁለት ግፊት ቱቦው ላይ ያርፋል፤ ርካሹ ፒኤን 6 የሚችለው 60 ሜትር ብቻ ነው።

ድንጋይ፣ አሸዋና ቁፋሮ በደቦ የእኛ ነው። ዋልካው (ጥቁሩ ጭቃማ አፈር) በበጋ ሲሰነጠቅ ላይ ላዩን የተቀበረ ቱቦ ጎትቶ መጋጠሚያውን ይነቅላል፣ ስለዚህ 1 ሜትር ወርደን አሸዋ እናነጥፋለን። ከሁሉ የምንፈራው የምንጩን ግንብ ነው፦ ውኃው ከተፈጥሮ መውጫው ከፍ ብሎ ከታቆረ ግፊቱ ወደኋላ ይመልሰውና ዐይኑ በሌላ በኩል ይፈነቅላል። የመውጫ ቱቦው ከዐይኑ ዝቅ ይላል፤ ትርፍ ማስወጫም ይኖረዋል።

ከብር ይልቅ ዕቃ ብትልኩልን እንመርጣለን፤ ዋጋው በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ዋልካው ሲረጥብ ስለማይቆፈር ሥራው ከጥር እስከ ሚያዝያ ማለቅ አለበት፤ ዕቃው እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አማኑኤል ከተማ ይድረስልን፣ ከዚያ በአህያና በጋሪ እናወጣዋለን።