ሕዋስ ፕሮቲን መሥራቱን ስለሚቆጣጠርበት መንገድ
ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ተማሪዎቼ ሕዋስ ፕሮቲንን ያለማቋረጥ የሚሠራ እየመሰላቸው ስለሚቸገሩ፣ የሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ ቁጥጥሩም እንዲጽፍ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ብርጭቆ የሱሉልታ ወተት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ያስረዳኋቸው፣ ፈረንሳውያኑ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ፍራንሷ ዣኮብና ዣክ ሞኖ እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳተሙትን ሐሳብ ነው። በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ የወተት ስኳር በማይኖርበት ጊዜ አንድ አጋጅ ፕሮቲን የዘር መረጃውን በያዘው ዲኤንኤ ላይ ተጣብቆ፣ ስኳሩን የሚሰባብረው ኢንዛይም (ሥራ አፋጣኝ ፕሮቲን) ጂን፣ ማለትም የመሥሪያ መመሪያው፣ እንዳይገለበጥ (እንዳይቀዳ) ያግዳል፤ ስኳሩ ሲገባ ግን ከእርሱ የሚገኘው አሎላክቶስ የተባለ ውህድ አጋጁን ከዲኤንኤው ያላቅቀዋል፣ የጂኑ ቅጂ የሆነው መልእክተኛ አርኤንኤ ይገለበጣል፣ ፕሮቲን ሠሪዎቹ የሕዋስ ክፍሎች፣ ራይቦዞሞችም፣ ኢንዛይሙን በብዛት ይሠራሉ። ግሉኮስ የተባለው ቀላል ስኳር በበቂ ካለ ደግሞ የወተት ስኳሩ እያለም ኢንዛይሙን የመሥራቱ ሥራ ይቀዘቅዛል፤ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ቁጠባ ነው። በሰው ሕዋስ ውስጥ የሚካሄደው ቁጥጥር ከዚህም የረቀቀ በመሆኑ ለብቻው ሰፊ ጽሑፍ ይገባዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሥነ ሕይወት መምህር፣ ከሱሉልታ