ምላስ ላንቃ ላይ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሐዋሳ ታቦር አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። የ15 ዓመት ልጄ ሰሞኑን ስጠራው አይመልስም። ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርግና በመንጋጋው ጠርዝ እስከ ጆሮው ይስበዋል። «ሚዊንግ ላይ ነኝ» ማለት ነው አሉ። የቲክቶክ ነገር!

ሚዊንግ የሚሉት፣ መንጋጋ ይቀርጻል ተብሎ፣ ምላስን ላንቃ ላይ ለጥፎ፣ ጫፉ የፊት ጥርስን ሳይነካ፣ ከንፈር ገጥሞ በአፍንጫ መተንፈስ ነው። ስሙ ከእንግሊዛዊው የጥርስ ሐኪም ጆን ሚው የመጣ ነው። እኔም የስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሞከርኩት፤ ክር በጥርሴ ልበጥስ ስል ተረሳኝ።

በአፍንጫ መተንፈሱ ደግ ነው። መንጋጋ ይቀርጻል የሚለው ግን በቂ ማስረጃ የለውም። ልጄ ሲተኛ አፉን ይከፍታል፤ የታፈነ አፍንጫውን ሐኪም ቢያይለት ይሻላል እላለሁ። እስቲ አንድ የጥርስ ሐኪም ጠይቁልን።

ቅዳሜ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ ሲቀርብ ግን ሚዊንጉ ቀረ።

ልብስ ሰፊዋ እናት፣ ከሐዋሳ