ብቻሽን ገደል ስር አትግቢ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከረምሽ የኔ ዓለም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽም ጉንፋን ለቋታል።

ማክሰኞ ዕለት ከደብረ ሲና የመጣው ሹፌር፣ ጣርማ በር ዋሻው አጠገብ ዝናቡ ሳያባራ ገደል ስር ድንጋይ ስትቀጠቅጪ እንዳየሽ ነገረኝ። ብቻዋን ናት አለኝ። ለእናትሽ አልነገርኳትም። ልጄ፣ ብቻሽን ገደል ስር አትግቢ።

ሥራሽን ጠልቼ አይደለም። በፋሲካ ምድጃ ዳር ያስረዳሽኝ ከልቤ አልወጣም። ድንጋዩ ቀልጦ ሲፈስ አርጎን የሚባለው ጋዝ ይተናል፤ ከረጋ በኋላ ግን በውስጡ ያለው ፖታሲየም 40 የሚባለው ንጥረ ነገር እየተለወጠ የሚወልደው አርጎን እዚያው ታስሮ ይቀራል፤ እሱን ለክታችሁ ዕድሜውን ታወጣላችሁ። ፖታሲየሙ በግማሽ እስኪጎድል 1.25 ቢሊዮን ዓመት! የመገዘዝ ተራራ ድንጋይ 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው ስትዪኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጥቁር ድንጋይ ሲጠርብ የኖረውን እጄን አየሁት።

ታዲያ ዝናብና አየር የበላው ድንጋይ አርጎኑ ያመልጣል፣ ፖታሲየሙም ይታጠባል፤ ዕድሜውንም ከምን እንደቀለጠም በትክክል አይናገርም ብለሽኛል። ለዚህ ነው ትኩስ ስብራት የምትፈልጊው። ትኩስ ስብራት የት እንዳለ እኔም አውቃለሁ፤ ገደሉ ትናንት የተናደበት ቦታ ነው። በጥቁሩ ድንጋይ ንጣፎች መሀል ያለው ቀይ አፈር ውሃ ከጠጣ እንደ ሳሙና ያሟልጫል።

አጎትሽ ከበቅሎ ወድቆ ነው የሚያነክሰው ብለን አሳደግናችሁ። ከበቅሎ አልወደቀም። ሐምሌ ነበር፤ ለቤተ ክርስቲያን አጥር ድንጋይ እናወጣለን። ከአፋፉ ጠጠር ጠብ ጠብ ሲል ሁለታችንም ሰማን። «እንውጣ» አለኝ። «ይቺን አንዷን ፈንቅልና ምሳ እንበላለን» አልኩት። ጉልበቱ ላይ ያረፈውን ድንጋይ ብቻዬን ማንሳት አቃተኝ። የተሰበረበት ፊቱ ጥቁር፣ ንጹሕ፣ የሚያብረቀርቅ ነበር፤ ልክ አንቺ እንደምትወጂው። እስከ ዛሬ አንድ ቀን ወቅሶኝ አያውቅም።

መዶሻውን የሰጠሁሽ እኔ ነኝና ስሚኝ። ጠጠር ሲንጠባጠብ ከሰማሽ ናሙናውንም መዶሻውንም ጥለሽ ሩጪ። ዝናብ በዘነበ ማግስት አትሂጂ። ከቦታው ያልተነቃነቀ ድንጋይ ነው የምፈልገው ካልሽ ሰው ይዘሽ ሂጂ፤ አንቺ ስትሰብሪ እሱ ዓይኑን ከአፋፉ አይንቀል። ብቻሽን አይሆንም።

በሶውን ሹፌሩ ያደርስልሻል፤ ጣሳው የእናትሽ ስለሆነ መልሺው። ለብረት ቆቡ ገንዘብ እልክልሻለሁ፣ ዋጋውን ጠይቂ። ቅዳሜ ለአጎትሽ ደውዪለት፤ ይህን እንደነገርኩሽ ግን አታንሺበት። እኔው እነግረዋለሁ።

አባትሽ