ለክርስቲያን ነርሶች ኅብረት አባላት፦ የቅዳሜው ውይይት

ውድ እኅቶችና ወንድሞች፣ ቅዳሜ የምንወያየው የግል መንፈሳዊ ሕይወታችን ሕሙማንን በምንንከባከብበት መንገድ ላይ ስላለው ድርሻ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት በነርሶች መሰብሰቢያ ክፍል እንገናኝ። ማቴዎስ 25፥36ን አንብባችሁ፣ ከሥራችሁ አንድ ገጠመኝ የሕመምተኛውን ማንነት ሳትገልጹ ይዛችሁ ኑ።

የምንወስነው ጉዳይም አለ፦ ከሕመምተኛ ጋር መጸለይ ያለብን መቼ ነው? እኔ ሕመምተኛው ራሱ ሲጠይቅ ብቻ ነው ባይ ነኝ። የዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት የሥነ ምግባር ደንብም የሕመምተኛው እምነት እንዲከበር ይጠይቃል። የእኛ ጸሎት ከፈረቃ በፊት ትዕግሥት ይስጠን እንጂ፣ አልጋ ላይ ተኝቶ እምቢ ለማለት ለሚቸገር ሰው ጫና መሆን የለበትም። ሌሊቱን ሙሉ ለሚጣራ ሕመምተኛ በለሰለሰ ድምፅ መመለስ ራሱ የእምነት ሥራ ነው።

መምጣታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ አሳውቁን፤ ተረኞች ሐሳባችሁን በጽሑፍ ላኩልን።