ባልዲ ውስጥ ስለሚጣለው ዕጢ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የሆስፒታሎቻችን የበላይ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ተቆርጦ የወጣ ዕጢ ያለ ፓቶሎጂ (ሥጋው በማይክሮስኮፕ የሚታይበት) ምርመራ ስለመጣሉ

ክቡር ሆይ፣

ናሙና የሚደርሰን እኛ የፓቶሎጂ ክፍል ሠራተኞች በዚህ ጉዳይ ያስገባነው ማመልከቻ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ተሰጥቶታል። ከቁጥሩ ያለፈ ነገር ስላላየን ነው ዛሬ በአደባባይ የምንጽፍልዎ። ደንብ ልናስተምርዎ አይደለም። በየቀዶ ሕክምና ክፍሉ ግድግዳ ላይ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት የደህንነት መጠይቅ፣ ሕመምተኛው ከክፍሉ ሳይወጣ የናሙናው መለያ ከነሕመምተኛው ስም ጮክ ተብሎ ይነበብ እንደሚል ያውቃሉ። እንዲለጠፍ ያዘዙትም እርስዎ ነዎት።

እንግዲህ ከቢቸና አካባቢ የመጡ የአንዲት እናት ካርድ እነሆ። ትከሻቸው ላይ የነበረው እብጠት ሁለት ጊዜ ተቆርጦላቸዋል። ሁለቱንም ጊዜ የተጻፈው «ኬሎይድ፤ ተቆርጦ ወጥቷል» የሚል ነው፤ ኬሎይድ ማለት ከልክ በላይ ያደገ፣ ካንሰር ያልሆነ ጠባሳ ነው። በሁለተኛው ቀዶ ሕክምና መጠይቁ ላይ «ናሙናው ስም ተጽፎበታል» ከሚለው አጠገብ ራይት ተደርጓል። ስም የተጻፈበት ናሙና ግን የለም። ዕጢው ከጎዝና ከጓንት ጋር ባልዲ ውስጥ ገብቶ ወደ ማቃጠያ ሄዷል። ሦስተኛ ሲመለስ ነው አንድ ሐኪም ቁራጩን ወደ ፓቶሎጂ የላከው። መልሱም ኬሎይድ አልነበረም፤ ሲዲ34 የተባለውን ፕሮቲን ለይቶ በሚያሳየው ምርመራ ቀለም አጥብቆ የያዘ፣ ዴርማቶፋይብሮሳርኮማ ፕሮቱበራንስ የተባለ የቆዳ ካንሰር ነው።

በስልክ የነገሩን «በሽታው ብርቅ ስለሆነ ለብቻው አሠራር አይዘረጋለትም» የሚል ነበር። ብርቅነቱን አንክድም፤ በዓመት ከሚሊዮን ሰው የሚይዘው ጥቂቱን ነው። በአሜሪካ የካንሰር መዝገብ ግን ጥቁሮች ላይ ከነጮች ሁለት እጥፍ ገደማ ይታያል፤ ስለዚህ የሩቅ አገር በሽታ አይደለም። ደግሞስ ያልተመረመረ በሽታ ብርቅ ሳይሆን ምን ሊሆን ኖሯል?

ስሙ ይርዘም እንጂ የዚህ ካንሰር አሠራር ከብዙዎቹ ይልቅ ግልጽ ነው። ከ17ኛውና ከ22ኛው ክሮሞሶም የተሰበሩ ቁርጥራጮች ይገጣጠማሉ። 17ኛው ላይ ያለው ኮል-ዋን-ኤ-ዋን የኮላጅን ዘረመል ነው፤ ኮላጅን ማምረት የቆዳ ተያያዥ ሕዋስ የዘወትር ሥራው ስለሆነ ይህ ዘረመል ሌት ተቀን ክፍት ነው። 22ኛው ላይ ያለው ፒዲጂኤፍ-ቢ ደግሞ ሕዋስን «ተባዛ» የሚል መልእክተኛ ፕሮቲን ያስመርታል፤ በጤናው ጊዜ በልኩ የተያዘ ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ መልእክተኛው በኮላጅኑ ማዘዣ ሥር ይወድቅና ያለ ልክ ይመረታል። ሕዋሱ የለቀቀውን መልእክት የራሱው ገጽ ላይ ያለው ተቀባይ መልሶ ይይዘዋል፤ ላኪውም ተቀባዩም ያው ነው። ተቀባዮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ ሌላው ላይ ፎስፌት የተባለ ኬሚካል ለጥፎ ያነቃዋል። ከዚያ ትእዛዙ በሁለት መስመር ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ ራስ፣ ራፍ፣ ሜክና ኧርክ በተባሉ ፕሮቲኖች በኩል የሚሄደው ሕዋሱን ያባዛዋል፣ ፒአይ-ሦስት-ኬይ፣ ኤኬቲና ኤምቶር በተባሉት በኩል የሚሄደው መሞቻውን ያዘገይለታል።

ኢማቲኒብ የተባለው ኪኒን የሚገባው እዚሁ ላይ ነው። ተቀባዩ ፎስፌት የሚቀዳው ኤቲፒ ከተባለው የሕዋስ ኃይል ሰጪ ሞለኪውል ነው፤ ኪኒኑ ኤቲፒ የሚገባበትን ኪስ ቀድሞ ይይዝበታል፤ ሁለቱም መስመሮች ከምንጫቸው ይደርቃሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2006 እ.ኤ.አ. በቀዶ ሕክምና ለማይወጣ፣ ለተመለሰ ወይም ለተሰራጨ የዚህ ዓይነት ካንሰር ፈቅዶታል፤ መጠኑም በቀን 800 ሚሊ ግራም ነው። በአገራችንም ይኸው ኪኒን ሲኤምኤል ለተባለው የደም ካንሰር ሲሰጥ ዓመታት አልፈዋል። ነገር ግን የሚጠቅመው ግጥሚያው ላለበት ዕጢ ነው። ከመቶው ከዘጠና በላይ አለበት፤ የሌለበትን ለይቶ ለማወቅ ሥጋው መኖር አለበት። ኮላጅኑ ዘረመል የሚሰበርበት ቦታ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ደግሞ ፊሽ የተባለው የክሮሞሶም ምርመራ ይመረጣል፤ እሱም የሚሠራው በደንብ ከተዘጋጀ ፓራፊን ብሎክ፣ ማለትም በሰም ውስጥ ከተቀበረ ሥጋ ላይ ነው። ባልዲ ውስጥ የገባ ዕጢ ፊሽ አይሠራለትም።

«ኬሎይድ» የሚለው ጽሑፍ ጉዳቱ ምርመራውን ማስቀረቱ ብቻ አይደለም፤ አቆራረጡንም ያበላሻል። ይህ ዕጢ ከላይ ሲያዩት ዙሪያው የታወቀ ይመስላል፤ ከቆዳው ሥር ግን እንደ ሰርዶ እየተሳበ ጣት ጣቱን በስቡ መካከል ይልካል። ኬሎይድ ነው ብሎ እብጠቱን ብቻ የላጠ ሐኪም ጣቶቹን ትቶ ይሰፋል። በደንቡ ከዳሩ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ተርቆ፣ ወደ ታች የጡንቻው ሽፋን ድረስ ተወርዶ ነው የሚቆረጠው፤ ዳሩ ንጹሕ መሆኑ ሳይረጋገጥም ቆዳ አዙሮ መሸፈን አይገባም። ሲመላለስ የቆየ ዕጢ ጠባዩ ሊከፋ፣ ሳንባ ድረስም ሊሄድ ይችላል። የእኒያ እናት ትከሻ ላይ ዛሬ የሚቆረጠው ቦታ በመጀመሪያው ቀን ሊቆረጥ ይገባ ከነበረው እጅግ ይሰፋል። ይህን ማን ይከፍልላቸዋል?

ናሙና የሚላክበት አጋጣሚ ሲገኝም አያያዙ ያሳዝናል። በጨው ውሃ ተነክሮ የበሰበሰ፣ በአልኮል የደረቀ፣ አፈ ጠባብ የመርፌ ብልቃጥ ውስጥ ለስላሳ ሳለ ተገፍቶ ገብቶ ከጠነከረ በኋላ ብልቃጡ ካልተሰበረ የማይወጣ ሥጋ ይደርሰናል። ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፎርማሊንም በውሃ ብቻ ከተቀጠነ ውሎ ሲያድር አሲድ ይሆናል፤ ዘረመሉን ስለሚበጣጥሰው ፊሹ ይከሽፋል። አዘገጃጀቱ ከባድ አይደለም፦ 100 ሚሊ ሊትር ያልተቀጠነ ፎርማሊን፣ 900 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 4 ግራም ሞኖቤዚክ ሶዲየም ፎስፌትና 6.5 ግራም ውሃ አልባ ዳይቤዚክ ሶዲየም ፎስፌት። ፈሳሹ ከሥጋው 10 እጥፍ ይሁን። በሰዓት ወደ ውስጥ የሚዘልቀው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ወፍራም ዕጢ ዳሩ በክር ምልክት ከተደረገበት በኋላ ይሰንጠቅ። ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ይቆይ። ብሎክ ከሆነ በኋላ በረዶም ማቀዝቀዣም አያሻውም፤ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ የአባይን በረሃ በአውቶብስ ቢሻገር ምንም አይሆንም።

የምንጠይቀው አዲስ ሕንፃ አይደለም። ተቆርጦ የወጣ እብጠት ሁሉ፣ ሐኪሙ ኬሎይድም ይበለው የስብ ዕጢ፣ አፈ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ስም ተጽፎበት ይላክ። ናሙና ሳይኖር ራይት ያደረገ ሰው በጽሑፍ ይጠየቅ። የእኒያ እናት ብሎክ ደግሞ ተሠርቶ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ ለፊሽ ወደ ውጭ እንዲላክ የሚያስፈልገው የእርስዎ የመሸኛ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ረቂቁን አዘጋጅተን ከማመልከቻው ጋር አያይዘነዋል። መልስዎ በስልክ ሳይሆን ማኅተም ባለው ወረቀት ይሁንልን፤ ባለፈው በስልክ «እናየዋለን» ያሉት ፋይል ውስጥ የሚገባ አይደለም።